ጭናቸው ላይ የታየው ጥቁር ነጥብ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ መሐላ አፍርሻለሁ። ረስቼ ወይም ተሳስቼ አይደለም። አውቄ፣ አስቤበት፣ የማልኩላቸው ሰውዬ «እንዳታደርገው» እያሉኝ ነው ያፈረስኩት። ነገሩ የሆነው ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በዐረብ ኢምሬትስ፣ ዓጅማን ከተማ፣ በሰው ቤት ስሠራ ነው። እስከ ዛሬ የነገርኳቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ምክንያቱም ታሪኩ ስለ ሽንት ነው፣ ስለ ሽንት ደግሞ ጨዋ ሰው አያወራም። አሁን እሳቸውም አልፈዋል፣ እኔም ፀጉሬ ነጥቷል፤ ልንገራችሁ።

ያኔ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሐይቅ አጠገብ ባለች የወሎ መንደር ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች ትቼ ነው የወጣሁት። መጀመሪያ የሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ አንድ የመኪና ቀለም ቤት ስምንት ወር ሠራሁ። የቀለሙ ሽታ ደረቴን እያፈነ ሲያስቸግረኝ፣ አብሮኝ የሚያድር ያገሬ ልጅ፣ «ዓጅማን ውስጥ አንድ ሽማግሌ የሚንከባከብ ወንድ ይፈለጋል። አንተ ቁርአን የቀራህ ነህ፣ ዐረብኛው አይከብድህም» ብሎ ወሰደኝ።

ሽማግሌው ዑበይድ ይባላሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ «ባባ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሐታ ተራራ ሥር የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ተምርና ከሰል በግመል ጭነው ቀናት ተጉዘው ዱባይ የሸጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ዓጅማን ከልጃቸው ከሰይፍ ጋር ይኖራሉ። ሰይፍ ዱባይ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ሚስቱን «ማዳም» ነው የምላት። ባባ ሰውነታቸው ጠንካራ ነው፤ ዓይናቸው ግን ደክሞ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለዩት፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መስጊድ ማድረስ፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ መጠበቅ ነበር።

እዚያ በር ላይ ስጠብቅ ነው ሕመማቸውን ያወቅሁት። ሽንታቸው ይቆያል፣ ይመጣል፣ ይቋረጣል። ከውስጥ ሲያቃስቱ እሰማለሁ። ሲወጡ ግን «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ እንጂ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ለሰይፍ ልንገረው ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ነው» አሉኝ። አንድ ቀን ሽንታቸው ደም ሲሆን ነው ሰይፍ ያወቀው፣ ሐኪም ቤትም የሄድነው።

ሐኪሙ ዶክተር ዑስማን የሚባል ረጅም ሱዳናዊ ነበር። ከእጢያቸው የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ ሰይፍን ወደ ጎን ወስዶ ሲነግረው ባባን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበርና ሁለታችንም ሰማን። «የፕሮስቴት ካንሰር ነው። እዚያው እጢው ውስጥ ከሆነ ቆርጠን እናወጣዋለን። ወደ አጥንት ከወጣ ግን ቀዶ ጥገናው አይጠቅምም። መጀመሪያ የመላ አጥንታቸው ፎቶ ይነሣ» አለው።

ፎቶው የተነሣው ሐሙስ ቀን ነው። ያን ጊዜ ሐሙስ ግማሽ ቀን ነበር የሚሠራው፤ ዓርብ ዕረፍት ነው። ሰይፍ ከዓጅማን በሻርጃ አድርጎ ዱባይ አደረሰንና ወደ ሥራው ሄደ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ አስፈላጊም አይደለም። በጠዋቱ አንድ ወጣት ሕንዳዊ ባለሙያ ክንዳቸው ላይ መርፌ ወጋቸውና በሰባራ ዐረብኛ እንዲህ አለኝ፤ «መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ እስኪገባ ሦስት ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ብዙ ውሃ ይጠጡ። ከፎቶው በፊት ሽንታቸውን አሟጠው ይሽኑ።»

ጠበቅን። ባባ ውሃውን ጠጡ፤ ሽንቱ ግን እንቢ አለ። ሁለት ጊዜ ገብተን ሁለት ጊዜ ባዶ ወጣን። በሦስተኛው ባለሙያው በሩን ይደበድብ ጀመር። «ያላ ባባ፣ ያላ! ልንዘጋ ነው!»

ባባ ያን ሲሰሙ ደነገጡ። ከንዱራቸውን፣ ያን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ወደ ላይ ሰብስቤ ይዤላቸዋለሁ። ከሥር ሽርጥ ነበራቸው። ሽንቱ በድንገት መጣ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ግማሹ ሽርጣቸው ላይ፣ በግራ ጭናቸው በኩል ፈሰሰ። ብዙ አይደለም፤ መዳፍ የምታህል ቦታ ናት የረጠበችው። ማየት ባይችሉም እርጥበቱ ተሰማቸው።

«ፈሰሰ?» አሉኝ።

«ትንሽ ነው ባባ። በወረቀት ላድርቀው።»

ሳደርቅ ክንዴን ያዙኝ። ያ የግመል ገመድ የሳበ እጅ አሁንም ኃይል ነበረው። «ሙሐመድ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገር። ለሰይፍም ቢሆን፣ ለሚስቱም ቢሆን፣ ለዚህ ልጅም ቢሆን። ማልልኝ።»

«ዋላሂ አልናገርም» አልኩ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነው። ያባቴ እኩያ አፍረው ክንዴን ሲይዙኝ ሌላ ምን እላለሁ?

ባለሙያው ከንዱራቸውን አስወልቆ ሽርጡንም ሊያስወልቃቸው ሲል ባባ ጨመቅ አድርገው ያዙት። ሰዓቱን አየና ተወው። አንሶላ አለበሳቸው፤ ጠባቡ አልጋ ላይ አስተኛቸው። ትልቁ ካሜራ ከላያቸው ቀስ እያለ ከራስ ወደ እግር ሄደ። ባባ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ላይ ናቸው። ሲያልቅ ባለሙያው ጓንት ሰጠኝና፣ «እስከ ነገ ሽንታቸው ውስጥ መድኃኒቱ አለ። ልብሳቸውን ለብቻው እጠበው» አለኝ። ቤት ገብቼ እንዳለኝ ለብቻው አጠብኩት፣ አሰጣሁት፣ ረሳሁት።

እሑድ ከሰዓት ሰይፍ አንድ ትልቅ ፖስታ ይዞ ገባ። ውሃ ላቀርብለት ሳሎን ስገባ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ያየዋል። ማዳም አፏን በእጇ ይዛ ከጎኑ ቆማለች። ፊልሙ ላይ የሰው አጥንት በጥቁር ነጠብጣብ ተሥሎ ይታያል፤ ራስ ቅሉ፣ የጎን አጥንቱ፣ ዳሌው። በአንዱ ጭን ላይኛው ጫፍ፣ ብሽሽቱ አጠገብ፣ ቀለም እንደ ፈሰሰበት ያለ አንድ ድፍን ጥቁር ነጥብ አለ።

«ወደ አጥንት ሄዷል» አለ ሰይፍ። ድምፁ ተሰበረ። «ቀዶ ጥገናው ኸላስ፣ ቀርቷል። ዶክተሩ መርፌ እንጀምርላቸዋለን፣ ያዘገየዋል እንጂ አያድንም አለኝ።»

«ለባባ ትነግራቸዋለህ?» አለችው ማዳም።

«እንዴት ብዬ? ሐታ ናፍቆኛል ሲሉ ነበር። ይሂዱ፣ እርሻቸው ላይ ደስ ብሏቸው ይቆዩ። ከሳምንት በኋላ መርፌውን እናስጀምራለን።» ወደ እኔ ዞረ። «ሙሐመድ፣ አንተም ምንም አልሰማህም።»

«ምንም አልሰማሁም» አልኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛው ምስጢር ሆነብኝ።

ሐታ ሰኞ ገባን፤ ማዳም፣ ባባና እኔ። እርሻው ላይ ጉል የሚባል ፓኪስታናዊ ሠራተኛ አለ። ተራራው ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ግን ተምሩና ሎሚው አረንጓዴ ነው። ባባ ዛፎቹን በእጃቸው እየዳሰሱ በስማቸው ይጠሯቸዋል። በሁለተኛው ቀን የድሮ ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ ያስጠሩ ጀመር። «በድያችሁ ከሆነ ማሩኝ» ይሏቸዋል። የትኛው ተምር ለየትኛው የልጅ ልጅ እንደሆነ ለጉል ነገሩት። ምግብ ቀነሱ። ማዳም ከወጥ ቤት ሆና ታለቅሳለች፤ ፊታቸው ስትመጣ ግን ትሥቃለች። ምንም ያልተነገራቸው ሰው እንዲህ ሲሰናበቱ ማየት ከበደኝ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ከእርሻው ምንጭ በቀዳሁት ውሃ ገላቸውን እያጠብኳቸው ነበር። ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሙሐመድ» አሉኝ፣ «በሽታው የት ጋ ነው ያረፈው?»

ውሃ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

«ሰይፍ ነግሮህ ይሆናል፤ እኔን ድምፁ ነግሮኛል። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ሰውን የማየው በድምፁ ነው። የት ጋ ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። «ፎቶው ላይ ጭንዎ ላይ ነው ባባ። ብሽሽትዎ አጠገብ።»

«የቱ ጭኔ?»

የፊልሙ ግራና ቀኝ ግራ አጋባኝ። ሥዕሉ ፊት ለፊት እንደሚያየኝ ሰው አድርጌ አሰብኩት። «ግራ» አልኩ።

በጡጫቸው የግራ ጭናቸውን መቱት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በኃይል። «እዚህ ጋ? ይኸው፣ ምንም አያመኝም። ካንሰር አጥንት ሲገባ ያስጮኻል ይሉ የለም?»

ሲመቱት ከሰውነታቸው የወረደው ውሃ ሽርጣቸውን አርጥቦት ነበር። እጃቸው ያረፈው በእርጥቡ ቦታ ላይ ነው። መዳፍ የምታህል ቦታ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ባለፈው ሐሙስ የፈሰሰው እዚሁ ጋ ነው። ልጁ ደግሞ «ሽንታቸው ውስጥ መድኃኒቱ አለ» ብሎኛል። ካሜራው የሚያየው መድኃኒቱን ከሆነ፣ አጥንት ውስጥ ያለውንና ሽርጥ ላይ ያለውን በምን ይለያል?

ጣሳው ከእጄ ወደቀ።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ።

ተንበርክኬ ነገርኳቸው። ቃላት እየጠፋኝ፣ ዐረብኛዬ እየተምታታ፣ የሽንቱን፣ የመድኃኒቱን፣ የነጥቡን ነገር አስረዳኋቸው። «ባባ፣ ከመሐላው ይፍቱኝ። ለሰይፍ ልንገረው። ፎቶው ይደገም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ዶክተር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ያን የሚያህል ማሽን ያመጡ ሰዎች በጠብታ ሽንት ይታለላሉ? ተስፋ ልትሰጠኝ ፈልገህ ነው፤ አላህ ይስጥህ። ግን ሰይፍ አባቴ እንደ ሕፃን ሽርጡ ላይ ሸና ብሎ ለሚስቱ እንዲነግራት አልፈልግም። እሷ ምግቤን ታቀርባለች። በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«በማያዩበት ዓይንዎ» ልል ከጅሎኝ ነበር፤ አላልኩም። «ባባ፣ ይሞታሉ እኮ» አልኳቸው።

«እሞታለሁ። ግን ማንነቴን ይዤ እሞታለሁ። እንዳታደርገው ሙሐመድ። ምለሃል።»

ያን ቀንና ዓርቡን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ። ብሳሳትስ? ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ብናገርና ነጥቡ እውነት ሆኖ ቢገኝ፣ የአንድን ሽማግሌ ክብር በከንቱ ገፍፌ፣ መሐላዬን በልቼ፣ እንጀራዬንም አጣለሁ። ዝም ብልና ነጥቡ የሽንት ሆኖ ቢቀርስ? እኚህን ሰው ማን ገደላቸው ይባላል? ጁምዓ ሶላት ላይ ቆሜ ከግንባሬ ላብ እንጂ ከአፌ ዱዓ አልወጣም።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ለየልኝ። ለቤተሰቡ አልናገርም፤ ለዶክተሩ ብቻ እናገራለሁ። እፍረታቸው ካልቀረ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ይድረስ።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጉል የእርሻውን አትክልት በፒክአፕ ጭኖ ዱባይ ገበያ ይሄዳል። ጠጋ ብዬ፣ «ውሰደኝ» አልኩት። «ማዳም ፈቅዳለች?» አለኝ። «አልነገርኳትም» አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና በሩን ከፈተልኝ። ፓስፖርቴ ሰይፍ ዘንድ ነው። ያለ ፈቃድ ከቤት የጠፋ ሠራተኛ ምን እንደሚደርስበት እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ፖሊስ፣ እስር፣ ከዚያ አውሮፕላን። መንገዱን ሙሉ ከጎማው ድምፅ በቀር የሰማሁት የለም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ፣ «ቀጠሮ አለህ?» አለችኝ። «የለኝም።» «ታመሃል?» «አልታመምኩም።» «ታዲያ ሂድ።» አልሄድኩም። ከዶክተሩ በር ፊት ለፊት ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ዘበኛ ሁለት ጊዜ አስወጣኝ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ዶክተር ዑስማን ወጣ። አወቀኝ።

«የአቡ ሰይፍ፣ የሽማግሌው፣ ሰው አይደለህም? ምን ሆኑ?»

«ዶክተር፣ ሐሙስ ለት ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ሽርጣቸው ላይ ሸንተው ነበር» አልኩት። እንዲሁ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ኮሪደር ላይ።

ፊቱ ተለወጠ። ክንዴን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝና በሩን ዘጋው። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። «የት በኩል?» ጭኔ ላይ አሳየሁት። «ልብሱን ሳይቀይሩ ነው የተነሡት?» «ሽርጡ አልወለቀም።»

የሆስፒታሉን ቅጂ አስመጣና መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ ሰቀለው። ሁለት ሥዕል ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ የተነሣ። ጣቱን ከፊተኛው ወደ ኋለኛው አመላለሰ። የፊተኛው ላይ ነጥቡ ድፍን ጥቁር ነው። የኋለኛው ላይ እዚያው ቦታ ምንም የለም ማለት ይቻላል።

«ከጎን አልተነሣም» አለ ለራሱ። «አጥንት ውስጥ ቢሆን ከኋላም በታየ ነበር።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «የተላከልኝን ወረቀት ነው ያነበብኩት። ፊልሙን አንሥቼ በደንብ አላየሁትም።» ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «አንተስ ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልከው?»

«ምዬላቸው ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን አፈረስኩት።»

ፊልሙን ከሰሌዳው አወረደ። «ለልጃቸው ፎቶው ጉድለት አለበት፣ ይደገም ብዬ እነግራቸዋለሁ። ይህ ሐሰት አይደለም። የሽንቱን ነገር ከእኔ አፍ አይሰሙም።» ስልኩን አነሣ። ስወጣ እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

ከጉል ጋር ሐታ የተመለስነው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ማዳም በሩ ላይ ቆማለች።

«የት ነበርክ? ባባን ትተህ የት ሄድክ? ሰይፍ ፓስፖርትህን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ ነው!»

«አጥፍቻለሁ ማዳም። ምክንያቱን ግን አይጠይቁኝ።»

«ለምን አልጠይቅም? ሴት አለችህ? ሌላ ሹግል፣ ሌላ ሥራ አገኘህ?»

ያን ዕለት ብትመታኝም አልነግራትም ነበር። እየጮኸች ሳለ ስልኩ ጠራ፤ ሰይፍ ነው። ስታዳምጥ ድምፅዋ ቀስ በቀስ ወረደ። «ዶክተሩ ራሱ ደወለ? ይደገም አለ?» እኔን ረሳችኝ።

ወደ ባባ ክፍል ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉን ሰምተዋል።

«ሄድክ?» አሉኝ።

«ሄድኩ ባባ።»

«ተናገርክ?»

«ለዶክተሩ ብቻ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለኔ ከትእዛዝ በቀር ቃል አልተነፈሱም። «ውሃ።» «ጫማ።» «ይበቃል።» «ወለዲ» ይሉኝ የነበሩት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ስሜን እንኳ መጥራት ተዉ።

ሁለተኛው ፎቶ ማክሰኞ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ዶክተር ዑስማን ራሱ መጥቶ ቆመ። ሰውነታቸው ታጠበ፣ ልብሳቸው ሁሉ ተቀይሮ የሆስፒታል ጋውን ለበሱ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ተነሡ። እኔና ሰይፍ ከመስታወቱ ወዲህ ቆመናል። ካሜራው ወደ ዳሌ ወረደ። ዳሌው አለፈ። ጭኑ መጣ፤ ንጹሕ ነው። ነጥቡ የለም።

ሰይፍ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። እኔ ደስታዬን በወጉ ሳልጨርሰው ግን ዶክተሩ ወደ ማሽኑ ጠጋ ሲል አየሁት። ጣቱ ያለው ወገብ ላይ ነው።

«እነዚህ ኩላሊቶቻቸው ናቸው» አለ ለሰይፍ። «አብጠዋል። ሽንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ እያፈናቸው ነው።» የመጀመሪያውን ፊልም አስመጥቶ ከጎኑ ሰቀለው። «እዚህም ነበር። ተመልከት፣ ያው ነው። ሁላችንም ጭኑን ስናይ ወገቡን አላየነውም። በዚሁ ቢቀጥል ካንሰሩ ሳይደርስባቸው ኩላሊታቸው ይቆም ነበር።»

ሽንታቸውን የሚያወጣ ቱቦ በዚያኑ ዕለት ገባላቸው። ሆስፒታል ተኙ። ኩላሊታቸው እያገገመ ሲሄድ ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ካንሰሩ ከእጢው አልወጣም ነበር። እኔ በነዚያ ቀናት አልጋቸው ሥር እየተቀመጥኩ የመሐላዬን ማካካሻ ሦስት ቀን ጾምኩ። ለማንም አልነገርኩም። በሦስተኛው ቀን ባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ዛሬም ውሃ ስትጠጣ አልሰማሁህም» አሉኝ።

ዓጅማን ከተመለስን በኋላ ሊጠይቋቸው የድሮ ወዳጆቻቸው መጡ፤ አምስት ሽማግሌዎች፣ ባለ ከዘራ። ሰይፍና ማዳምም ነበሩ። ቱቦው ገና አልወጣም፤ የሽንቱ ከረጢት ከእግራቸው ሥር ተንጠልጥሏል። እንግዳ ሳይገባ በጨርቅ ልሸፍነው ስል ባባ እጄን መለሱት።

«ተወው» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከረጢቱን በገዛ እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት። «ይህ ሽንቴ ነው» አሏቸው ለወዳጆቻቸው። «ሁለት ዓመት ሙሉ እንቢ ሲለኝ ደበቅሁት። በፎቶው ቀን ሽርጤ ላይ ሸናሁና ይህን ሰው እንዳይናገር አስማልኩት። ማሽኑ ሽርጤ ላይ ያለውን ሽንት አይቶ አጥንትህ ውስጥ ካንሰር አለ አለኝ። ልሞት ተምሬን ሳከፋፍል ነበር። ሙሐመድ መሐላውን አፍርሶ ሄዶ ባይናገር ዛሬ የመጣችሁት ለለቅሶ ነበር።»

ሰይፍ አየኝ። ማዳም አየችኝ፣ ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

«እኔ አርባ ቀን ሙሉ ፊቴን አዞርኩበት» አሉ ባባ። «ወለዲ፣ ማረኝ።»

ከሽማግሌዎቹ ማንም አልሣቀም። ሊሄዱ ሲነሡ ግን አንደኛው፣ ቀጭኑ፣ ወደ ኋላ ቀረና ከባባ ጆሮ አጠገብ ጎንበስ አለ። «ያን ዶክተር» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስሙን ማን ነበር ያልከኝ?»

ባባ ዑበይድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ። የሞቱትም በልብ ሕመም ነው።

ይህን የምነግራችሁ ማሽን አትመኑ ለማለት አይደለም። ያንኑ ሰው ሊገድል የነበረውም ያዳነውም ያው ማሽን ነው። ነገር ግን ማሽኑ የሚያየውን ያያል እንጂ ከመጸዳጃ ቤት በር ጀርባ የሆነውን አያውቅም። ያን የሚያውቀው በሽተኛውና ገላውን የሚያጥበው ሰው ነው። ስለዚህ እናንተ በሽተኛ ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ ትንሽ ነው፣ ያሳፍራል፣ ሐኪሙ ያውቀዋል ብላችሁ የምትውጡት ነገር አይኑር። ሐኪሙ አያውቀውም። ወረቀት ሲሰጣችሁም፣ «ፎቶውን ራስዎ አይተውታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አይቆጣም፤ ቢቆጣም ግድ የለም።

ከዚያ ከሳሎኑ ትዕይንት በኋላ ባለው ሳምንት አገር ቤት ደብዳቤ ልኬ አባቴን ለስልክ ቀጠሮ ሐይቅ ከተማ ቴሌ አስጠራሁት። ከመንደር በእግሩ ወጥቶ መጣ። ከወጣሁ ጀምሮ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው ተነጋገርን። ከዚያ ልጅ አባቱን የማይጠይቀውን ጠየቅሁት።

«አባየ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?»

«ምን አልከኝ?»

«ሽንትዎ። ሲሸኑ ያስቸግርዎታል ወይ?»

«ለዚህ ነው እንዴ ከዐረብ አገር የጠራኸኝ? ሰው እየሰማ!» ተቆጣ። ሊዘጋብኝ መሰለኝ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። መስመሩ ውስጥ ነፋስ የመሰለ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ደቂቃ ያህል ቆየ፤ እንዲህ ረጅም ደቂቃ አላውቅም።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው» አለኝ።

ደሴ ሆስፒታል ሄደ፤ በጊዜ ደረሰ። እናንተም አባቶቻችሁን ጠይቁ። መጀመሪያ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። በዝምታው ጊዜ ስልኩን እንዳትዘጉት።